ባቄላ ማሳ ውስጥ የሰማሁት መርዶ

ደባርቅ ሁሉ ያወቀውን እኛ ቤት ብቻ አላወቅንም ነበር። የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አብራሪ ሊሆን ምፅዋ ይለማመድ የነበረው ታላቅ ወንድሜ፣ በልምምድ ላይ ከነሄሊኮፕተሩ ባሕር ውስጥ ወድቆ ሞቷል። ወሬው ለቀበሌ ደርሷል። ሽማግሌዎቹ ግን አጎታችን ከዳባት እስኪመጣና መርዶው እንደ ደንቡ ጎህ ሲቀድ እስኪነገር አፋቸውን ይዘዋል። እኔ ያን ቀን ሻይ ቤት ተቀምጬ ስለ እሱ ጉራዬን እነዛ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ከወንድሜ ይልቅ አብራሪው እኔ ነበርኩ። አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ከሊማሊሞ ገደል አፋፍ ሌላ ከፍታ አላውቅም። እሱ ለፈቃድ ሲመጣ የተወልኝን ነጭ ሸሚዝ እለብሳለሁ፤ እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል። ሻይ ቤቱ ውስጥ ስሜ "ምክትል አብራሪው" ነው። ስገባ ልብስ ሰፊው ሁልጊዜ "ምክትል፣ ዛሬ ደግሞ የት አሳረፍካት?" ይለኛል፤ ሰው ይስቃል። እኔም አድናቆት ይመስለኝ ነበር።

ያን ቀን ማንም አልሳቀም። ከልብስ ሰፊው ጋር ዳማ ገጠምን። በዳማ አሸንፌው አላውቅም። ሲበላኝ ደግሞ ዝም ብሎ አይበላም፤ ዘር ማንዘሬን እየጠራ ነው። ያን ቀን ግን ቆርኪዎቹን እያከታተለ ሰጠኝ።

"ተበላህ!" አልኩት። "ይሄ እጅህ ቁልፍ መትከል እንጂ ዳማ አያውቅም!"

"አዎ፣ አንተ ታውቃለህ" አለ ቀና ሳይል። "ተጫወት፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ አለኝ! አከበረኝ አልኩ። በድሉ ሞቅ ብሎኝ ወሬዬን ጀመርኩ፤ ወንድሜን በማዕበል ውስጥ፣ በጭለማ፣ የምትወዛወዝ መርከብ ላይ አሳረፍኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን "ኧረ ቀንስ!" የሚለኝ አይጠፋም። ያን ቀን ሁሉም አቀርቅረው ሰሙኝ። አንድ ጡረተኛ ወታደር ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ንግግሬ ልባቸውን ነካው ብዬ መርከቧን ይበልጥ አወዛወዝኳት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ውሻችን ጮኸ። በበሩ ስንጥቅ ሳይ ደጃፋችን ላይ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል፤ ከፊት የቀበሌው ሊቀ መንበር አለ። ዘመኑ የብሔራዊ ውትድርና ነው። ሊቀ መንበር በዚያ ሰዓት ደጅ ከቆመ ጎረምሳ ሊወስድ ነው። አጎቴንም አየሁት። ያኔ እንኳ ማሰብ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን "አጎቴም አሳልፎ ሰጠኝ!" ብዬ በጓሮ በር ወጣሁ፤ አጥሩን ዘልዬ የጎረቤታችን ባቄላ ማሳ ውስጥ በሆዴ ተኛሁ። ማዕበል ላይ ሲያሳርፍ ያመሸው ጀግና ይኸው ነው።

ባቄላው ላይ ውርጭ ወርዷል። ጥቂት ቆይቶ የእናቴ ጩኸት መጣ። "ልጄን! ልጄን!"

ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ደስ አለኝ። ወንድሜ ምፅዋ ሲሄድ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ለካ እኔንም ይህን ያህል ትወደኛለች ብዬ ሆዴ ባባ። ወጥቼ እጄን ልስጥ፣ እሷ ከምትጎዳ እኔ ልዝመት እስከማለት ደረስኩ። አልወጣሁም እንጂ።

ከዚያ "አይቼው የማላውቅ ባሕር በላብኝ!" አለች።

እዚያው እንደተኛሁ ቀረሁ። ፈልጎ ያገኘኝ ልብስ ሰፊው ነው።

"ና ውጣ" አለኝ አጥሩን ተደግፎ። "የመጣነው አንተን ልንወስድ አይደለም።"

"ሰምቻለሁ።"

"ትናንት ልነግርህ አልችልም ነበር።"

"ዳማውን አውቀህ ነው የተሸነፍከው?" አልኩት። ወንድሙ የሞተበት ሰው የጠየቀው ጥያቄ ይህ ነበር።

"አውቄ ነው" አለ። "በል ተነስ።"

ስገባ ግቢው ሞልቷል። ሬሳ ስለሌለ ፎቶውን መደብ ላይ አድርገው ሴቶቹ ከበውታል። አልቃሿ ክንዴን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ።

"በምን ላንሳው ልጄ? ሙያውን አንተ ነህ የምታውቀው አሉኝ። ንገረኝ።"

በዙሪያዋ የነበሩት ወደ እኔ ዞሩ፤ ምክትል አብራሪው ሊናገር ነው። አፌን ከፈትኩ። ከመርከቧም ከማዕበሉም አንዲት ቃል አልመጣልኝም።

"ውሃ ይፈራ ነበር" አልኳት። "ልጆች ሆነን ወንዝ ስንሻገር የእኔን የታናሹን እጅ ይዞ ነበር የሚሻገረው።"

ትንሽ አየችኝ። "ይሁን" አለችና ወደ ሴቶቹ ዞራ ያንኑ በዜማ አወጣችው። እናቴ ደረቷን መምታት አቁማ አዳመጠች፤ ከዚያ ብሶባት ጮኸች። እኔ ሄጄ ከአጎቴ ጎን ቆምኩ።