አጥሩ ጋ የቆመው ውሻ

ባለቤቴ፣ ትንሿ ልጄ፣ ባለውሻዋ አሮጊት፣ ጥቁሩ ውሻዋና እኔ። ያን ቀን ጫካው ውስጥ የነበርነው እኛ ነን። ዛሬ ጠዋት ባስ ስጠብቅ እርጥብ ቅጠል ሸተተኝና ሁሉም ነገር ተመለሰብኝ።

ባለቤቴ በቀስት ማደን የተማረው እዚህ ሚኒሶታ፣ ፕሊማውዝ ከተማ ከሚሠሩ የሥራ ጓደኞቹ ነው። በዚያን ዕለት ማለዳ አንድ አጋዘን አቁስሎ ጠፋበት። ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ቁርስ ባቀርብለት አልነካውም።

«ሳልባርከው ከሞተ በክት ነው። ነፍስ በከንቱ አጥፍቼ እንዴት እህል ይወርድልኛል?» አለኝ።

ያኔ የቆሰለ አጋዘንን በውሻ መፈለግ ሚኒሶታ ውስጥ ገና መፈቀዱ ነበር። ልጄ በስልኳ ፈልጋ አሮጊቷን አገኘችልን። ባለቤቴ በዚያ ሁኔታው ብቻውን እንዲሄድ ፈራሁ፤ ልጄንስ ለማን ልተዋት? ሁላችንም ሄድን።

አሮጊቷ አስቀድማ የአደን ፈቃዱን አየች። ከዚያ ደንቡን ነገረችን፤ ልጄ ተረጎመችልኝ። ውሻው ከገመዱ አይፈታም። የሰው መሬት ሳይፈቀድ አይረገጥም።

«ደሙ የታለ?» አለች።

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። የታደነ አውሬ ደም ሜዳ ላይ አይተውም ሲባል ነው ያደገው፤ ያየውን ጠብታ ሁሉ አፈር አልብሶታል።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ? ራስህ ቀበርከው?» ልጄ በሳቅ ፈረሰች።

አሮጊቷም ሳቀች። «ግድ የለም። ውሻዬ በዓይኑ አይደለም የሚፈልገው።»

እኔ ውሻ ሲጠጋኝ ቀሚሴን የምሰበስብ ሰው ነኝ። ይኼ ግን አላየኝም። አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ፣ ዳዊት እንደሚደግም ሰው ቀና ሳይል ሄደ። እኛ ቅጠል ብቻ የምናይበት ቦታ ላይ ቆም ይላል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያገኘዋል። ገመዱ ቅጠሉን ሲጠርግ ብቻ ይሰማ ነበር። ሳላስበው አማተብኩ።

ሽቦ አጥር ጋ ስንደርስ ቆመ። ከወዲያ ማዶ፣ ከጥዱ ሥር፣ የከበደ ትንፋሽ ሰማን።

«ይኸው እኮ ነው! እማማ፣ ይልቀቁት፣ በማርያም!» አለ ባለቤቴ በአማርኛ።

ሳይተረጎምላት ገባት። ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ገመዱን እጄ ላይ አስጨብጣኝ ወደ ባለመሬቱ ቤት ገሰገሰች።

ባለቤቴ አጥሩን ይዞ «እንዳይሞት፣ እንዳይሞት» ይላል። ውሻው አልጮኸም፣ አልጎተተኝም። ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ መንቀጥቀጡ በገመዱ አልፎ ክንዴ ድረስ ይመጣል። ያን ያህል እየፈለገ እንዴት ይታገሣል? ፍርሃቴ የት እንደገባ እንጃ።

ባለመሬቱ በነጠላ ጫማ እየሮጠ መጥቶ የአጥሩን በር ከፈተልን።

አጋዘኑ አንገቱን ቀና አድርጎ አየን። ባለቤቴ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ በቢላው ከሥቃዩ ገላገለው። ውሻው መሬት ላይ ተኛ። አሮጊቷ ኮፍያዋን አወለቀች። ባለቤቴ በሁለት እጁ የአሮጊቷን እጅ ይዞ አለቀሰ።

ለገና ከሥጋው ቋንጣ አድርጌ ሴንት ፖል፣ ፍሮግታውን ሰፈር ያለው ቤቷ ወሰድኩላት። በሩን የከፈተልኝ ሌላ ሰው ነው፤ ሙቭ አድርጋለች አለኝ፤ የት እንደሄደች አያውቅም።

ፍሮግታውንም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ የቆሰለ አጋዘን በጥቁር ውሻ የምትፈልግ አሮጊት የምታውቁ ካላችሁ፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።