ታቢታ በከንፈሯ የገጠመችው

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ታቢታ ግሪምሾ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ስትገጥም አንድም ግጥም ድምፅ አውጥታ ብላ አታውቅም። የት ትበለው! በአሥር ዓመቷ የጥጥ ፋብሪካ ገብታ፣ አሁንም ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ አራት የሽመና መኪና ስትጠብቅ ትውላለች። ስድስት መቶ መኪና በአንድ ጣሪያ ሥር ሲንኳኳ እንኳን የሰው ድምፅ ነጎድጓድም አይሰማም። የሰሜን እንግሊዟ የላንካሸር ሸማኔ ሴቶች ታዲያ የሚያወሩት በከንፈር ነው። አንዷ አፏን ከፈት ዘርጋ እያደረገች ቃሉን ትቀርጸዋለች፣ ሌላዋ ከወዲያ ጫፍ ታነበዋለች። ሐሜቱም ስድቡም የሚሄደው እንደዚያ ነው። ተቆጣጣሪው ፊቱን ባዞረ ቁጥር ስንቱ እንደሚባል አትጠይቁኝ።

ግጥሙ የሚመጣላት ከቀትር በኋላ ነበር። ወለሉ ከእግሯ ሥር ይርገበገባል፤ የጥጥ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሳይቸኩል ይንሳፈፋል፤ መወርወሪያው ይሄዳል፣ ይመለሳል። ነቅታ ይሁን ተኝታ ሳታውቀው፣ እጇ የተበጠሰ ክር እየቀጠለ፣ ስንኙ በራሱ ይደረደርላታል። ያኔ ቀና ትልና ከፊቷ ለምትሠራው ለኬዝያ በከንፈሯ ትነግራታለች። ኬዝያ ለጎረቤቷ ታቀብላለች፤ ሻይ ሳይደርስ ግጥሙ አዳራሹን ዞሮ ይጨርሳል። ስለ ተቆጣጣሪው ቦርጭ የገጠመች ቀን ሴቱ ሁሉ ሲስቅ ክር ሲበጠስ ዋለ። ተቆጣጣሪው ጥጡን ወቀሰ።

ኬዝያ የልብ ጓደኛዋ ናት። ሠላሳ ዓመት መኪና ሥር ቆማ ጆሮዋ ድፍን ብሏል፤ ዓለምን የምትሰማው ከሰው ከንፈር ላይ ነው። ልጇ አቤል በሰባት ዓመቱ ቦይ ውስጥ ከሰጠመ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እንዳያስለቅሷት ብለው ሰዎች ስሙን ፊቷ አያነሱም። ክፉ ደግነት! ታቢታም አንስታው አታውቅም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ዝናዋ ከተማውን ሲዞር ታቢታ የሰማችው ከሁሉ ኋላ ነበር። የሰፈሩ መምህር ሚስተር ሆልት መጣና ግጥሞቿን ጽፋ እንድትሰጠው ለመናት። ማታ ማታ በተወላገደ የእጅ ጽሑፏ ሃያ ያህል ጻፈች። የመጨረሻው ስለ አቤል ነበር፤ እሱን ለማንም አልነገረችም፣ ለኬዝያማ ፈራች። መምህሩ ገልብጦ ለከተማው ባለጸጋ ለሚስተር ፔምበሪ አሳየ። ባለጸጋው ያን የአቤልን ግጥም መረጠና፣ ቅዳሜ ፋብሪካው ሲዘጋ በከተማው አዳራሽ እንድታነብ ጠየቀ፤ እሱና ወዳጆቹ ሰምተው ከወደዱ መጽሐፏን ሊያሳትም። መጽሐፍ! ያን ሰሞን ታቢታ በሕልሟም በእውኗም ስሟን በቆዳ ሽፋኑ ላይ ታይ ነበር።

ቅዳሜ ከፊት ባርኔጣና ሐር ተቀመጠ፤ ላይ ሰገነቱን ሸማኔዎቹ በእንጨት ጫማቸው እያንኳኩ ሞሉት። ታቢታ መምህሩ እንዳስተማራት ወረቀቱን ወደ ፊቷ ከፍ አድርጋ ጀመረች። ድምጿ ቀጭን ነው፣ ግን ይሰማል። ሚስተር ፔምበሪ ራሱን ነቀነቀ።

ኬዝያ ሰገነቱ ላይ ብድግ አለች። ጆሮ የሌለው ሰው ሲናገር እንደሚጮኸው፣ «አንቺ! ወረቀቱን ከአፍሽ ላይ አንሺልኝ! ምን እንደምትዪ አላይም እኮ!» አለች።

ከታች ሳቁ። ታቢታ ወረቀቱን ዝቅ አደረገች። ዓይኗ ከኬዝያ ዓይን ሲገናኝ ድምጿ ተቋረጠ፤ የሃያ ስድስት ዓመት ልማድ ነውና በከንፈሯ ብቻ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሸማኔዎቹ ከንፈሯን ሊያነቡ ከሰገነቱ ወደ ፊት አጎነበሱ። «አቤል» ስትል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው የወሰዱ ብዙ ነበሩ።

«ምን ነካት?» አለች አንዷ እመቤት።

«ጮክ በይ እንጂ፣ ልጄ! እኛም እንስማ!» አለ ሚስተር ፔምበሪ።

«እኛ ሰምተናል! እርስዎ ጆሮዎን ይጥረጉ፣ ጌታዬ!» የሚል ከሰገነቱ መጣ።

ፔምበሪ አልተቆጣም። «ወረቀቱን ያዢና ከመጀመሪያው አንብቢልን» አላት ለስለስ ብሎ። «መጽሐፉ እኮ በዚህ ላይ ነው ያለው።»

ታቢታ ይህን አሳምራ ታውቃለች። ወደ ወረቀቱ አየች፤ ወደ ላይ አየች። ኬዝያ እንደቆመች ናት፣ የቀረውን ትጠብቃለች።

«ልጨርስላት፣ ጌታዬ» አለች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ያለ ድምፅ እስከ መጨረሻው ስንኝ ወረደች። ፔምበሪ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ ወዳጆቹም ተከተሉት።

«ሄደ እኮ፣ ታቢታ። መጽሐፉ ሄደ» አላት መምህሩ ደረጃው ላይ። ያኔ ነው ማልቀስ የጀመረችው፤ መጽሐፉን በጣም ትፈልገው ነበር።

ኬዝያ ሰዉን እየገፋች ደረሰች። የታቢታን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን መለሰችው።

«ዘጠኝ ዓመት ስሙን በሰው አፍ ላይ አይቼ አላውቅም» አለች። «እስቲ ድገሚልኝ፣ እቴ። ግጥሙን ተይው፤ ስሙን ብቻ።»

የሚንቀጠቀጥ ከንፈር አይነበብም። ታቢታ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ «አቤል» አለች።