ፊቱን አዙሮ ስም የሚጠራው ሰብስቤ

የእኛ ቅርጫ አሥር ቤተሰብ ነው። በሬው ከከተማ ወጣ ብሎ ካለ ገበሬ ዘንድ ይታረድና ሥጋው እዚህ ቶሮንቶ፣ ዌስተን ሰፈር፣ እኔ ጋራዥ ውስጥ ላስቲክ ላይ ይመደባል። ከዚያ ሰብስቤ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንዳችን መደቡን በጣታችን እየነካን «ይሄ ለማን?» እንላለን፤ እሱ ሳያይ ስም ይጠራል። የራሱን ስም ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠራው። አንዳንዴ አጥንት የበዛበት መደብ ሲቀርለት «ባህር ኃይል የሚያበላችሁ አጥንት ነበር እንዴ?» እያልን እንስቅበታለን። ዛሬ ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

ሰብስቤ የባህር ኃይል መርከበኛ ነበር። ቶሮንቶ ሲመጣ ሁላችንም ታክሲና ፓርኪንግ ሎት ስንገባ እሱ ግን ሐይቁ ዳር ሥራ አገኘ። የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት በሸራ ይሄድ የነበረ የጦር መርከብ አምሳያ እዚያ ቆሟል፤ በጋ ላይ ጎብኚ ይጎርፍበታል። ሰብስቤን የቀጠሩት ገመድ አቋጣጠር ስለሚያውቅ ነው። ሰፊ ሱሪ አልብሰው፣ አንገቱ ላይ ሻሽ አስረው የጥንት መርከበኛ አደረጉት። መጀመሪያ ያየነው ቀን ሳቅ ገደለን።

እሱ ግን ሥራውን ወደደው። የድሮ መርከበኞች በተንጠለጠለ ሸራ ላይ ክርን ለክርን እየተነካኩ ይተኙ እንደነበር፣ ጎህ ሲቀድ ወለሉን በአሸዋና በድንጋይ ይፈገፍጉ እንደነበር፣ ደረቁን ብስኩት ከመብላታቸው በፊት ነቀዙ እንዲወጣ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ ያደርጉት እንደነበር ሲያወራ ፊቱ ይበራል። ምግብ አከፋፈላቸውም እንደ ቅርጫ ነበር። ስድስት ሰው በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ አድልዎ እንዳይኖር አንዱ ፊቱን አዙሮ ስም ይጠራል። «እኛም መርከብ ላይ እንደዚሁ ነበርን» ይላል ሰብስቤ። ከዚህ በላይ ግን አይናገርም።

ቀሪውን የነገሩን እትዬ ጸሐይወርቅ ናቸው። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ይኖራሉ፤ ታናሽ ወንድማቸው በርናባስ ከሰብስቤ ጋር ካንድ ትሪ የሚበላ መርከበኛ ነበር። በሰማንያ ሦስት ግንቦት ጦሩ ሲበተን መርከባቸው ከአሰብ ልትወጣ ስትል ወደቡ ላይ ገመድ የሚፈታላት ሰው አልተገኘም። ካንድ ትሪ ከሚበሉት ከስድስቱ አንዱ ወርዶ ይፍታ፣ ከኋላ የምትመጣው ጀልባ ታነሳዋለች ተባለ። ማን ይውረድ? ሥጋ እንደሚካፈሉት አደረጉ። አለቃቸው ስድስት ቁራጭ ገመድ ደረደረ፤ አንዷ አጭር ናት፣ እሷ የደረሰችው ይወርዳል። አለቃው አንድ በአንድ እየነካ ሰብስቤ ፊቱን አዙሮ ስም ጠራ። አጭሯ ለበርናባስ ደረሰች። ጀልባዋ ሳትመጣ ቀረች፤ የበርናባስም ወሬው ጠፋ።

«ዕጣ ነው፤ ዕጣ ደግሞ የእግዜር ነው» ይላሉ እትዬ ጸሐይወርቅ። ሰብስቤን በወንድማቸው ቦታ ነው ያስቀመጡት። እሱም በረዶ ሲጥል ቤተክርስቲያን ያደርሳቸዋል፣ መድኃኒታቸውን ከፋርማሲ ያመጣላቸዋል። ደግ ሰው ነው እንል ነበር። ደግ ነበር።

በሰማንያ ስምንት ነሐሴ ላይ እትዬ ጸሐይወርቅ «ወንድሜ የኖረውን ኑሮ ልየው» አሉና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰብስቤ ወደሚሠራበት መርከብ ወሰድናቸው። ሰብስቤ የመርከበኛ ልብሱን ለብሶ አጠገቧ ቆሞ፣ አስጎብኚዋ ልጅ ጠረጴዛው ላይ የብስኩት ሳህኖች ደርድራ «ፊቱን የሚያዞር አንድ ሰው ፈልጌ ነበር» ስትል እሳቸውን ገፋ ገፋ አደረግናቸው። እያፈሩ ሄደው ወደ ግድግዳው ዞረው ቆሙ።

«ውይ! ሰብስቤ፣ ይሄማ ሌብነት ነው! ከዚህ እኮ ሁሉም ይታየኛል!» አሉ።

ፊት ለፊታቸው ትንሽ መስኮት አለች። ከውጭ በእንጨት ስለተዘጋች መስታወቷ ከጀርባቸው ያለውን ጠረጴዛ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ሁላችንም ሳቅን። ሰብስቤ ግን አልሳቀም። እትዬ ጸሐይወርቅ ዞር ሲሉ ፊቱን አዩት፤ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከሰመ።

«ያኔም እንዲህ ያለ መስኮት ነበር?»

«እትዬ፣ አሁን ሾው ላይ ነኝ፤ በኋላ ኮል ላድርግልዎትና…»

«ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

«ነበር» አለ። «በጦርነቱ ሌሊት ብርሃን እንዳይታይ ብለን ከውጭ ጥቁር ቀለም የቀባነው።»

«እና አየህ?»

«አራቱ ተጠርተው ሁለታችን ብቻ ቀርተን ነበር። አለቃው አጭሯን ሲነካ አየሁ። የራሴን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ… የሱ ስም ወጣ።» ሻሹን ካንገቱ ፈታው። «ሯጭ ነው፣ ጀልባዋም ትመጣለች ብዬ ነበር፣ እትዬ። ፈርቼ ነበር።»

እትዬ ጸሐይወርቅ ዞረው ወደ ደረጃው ሄዱ። ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። የበረዶውን ወራት ሙሉ ሰብስቤ ደወለ፤ አላነሱለትም። ቤተክርስቲያን ሲያገኙት መንገድ ይቀይራሉ። እኔም ሁለቱንም ማጽናናት አቅቶኝ ዝም አልኩ፤ ያ ዝምታዬ እስካሁን ይቆጨኛል።

ለፋሲካ ቅርጫ ሰብስቤን ለምኜ አመጣሁት። ጋራዡ ስንገባ እትዬ ጸሐይወርቅ ቀድመው ቆመው አገኘናቸው። ሥጋው ተመድቦ አልቋል። አንዱ እንደ ልማዱ «ሰብስቤ፣ ዙርልን!» አለ።

«ዘንድሮ ሌላ ሰው ይዙር» አለ ሰብስቤ።

«የለም፣ እሱ ይጥራ» አሉ እትዬ ጸሐይወርቅ።

ነጠላቸውን አወረዱ፣ አጠፉት፣ ከኋላው ቆመው ዓይኑን አሰሩት። የኔ ጋራዥ መስኮት የለውም፤ እሳቸውም ይህን ያውቃሉ።

«ያጥብቁት፣ እትዬ» አለ።

አጠበቁት። ከዚያ ጎንበስ ብለው የመጀመሪያውን መደብ ራሳቸው በጣታቸው ነኩ።

«ይሄ ለማን?»

 ነጠላው ዓይኑ ላይ ረጥቦ ነበር።

«ለሰብስቤ» አለ፤ ስድስት ዓመት ዘግይቶ።