ጳጉሜን የዘለለው አቤቱታ

ይህ የሆነው ካቻምና፣ አዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው ያን ቀን ያተረፈን የእኔ ጥንቃቄ ስላልነበረ ነው።

ደባርቅ ፍርድ ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት፣ ማመልከቻም የምጽፍባት ትንሽ ክፍል አለችኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። የአቤቱታ አጻጻፍ የተማርኩት ባለጉዳዮች እንዳባዛላቸው የሚያመጡትን ወረቀት እያነበብኩ ነው። መምህር ስላልነበረኝ ነጥብና ሰረዙን እንኳ ሁለት ጊዜ ሳላይ ወረቀት አላስረክብም።

አጎቴ ሞላ የዳባት ሰው ናቸው። ከዳባት ደባርቅ በሚመላለስ አሮጌ ሚኒባስ ይተዳደራሉ። በዚያ ክረምት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ የመስመሩን ፈቃድ ለአንድ አዲስ ማኅበር ብቻ ሰጠና አጎቴን ሊማሊሞን ቁልቁል በሚወርደው መስመር መደባቸው።

«ይህች መኪና ሊማሊሞን ብትወርድ አትመለስም። ፍሬኗን የማውቀው እኔ ነኝ» አሉኝ።

ቅሬታ አስገባን። ውሳኔው ነሐሴ 12 ቀን ወጣ፤ ቅሬታችን ውድቅ ሆኗል። የቀረን ፍርድ ቤት መሄድ ነው፤ ለዚያም ያለን ሠላሳ ቀን ብቻ ነው። የውሳኔውን ደብዳቤ ግን አጎቴ ራሳቸው ፈርመው መውሰድ አለባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለፍልሰታ ሱባኤ ከዳባት በላይ ካለ ደብር ገብተዋል። ስልካቸው ዝግ ነው።

ዳገቱን ወጥቼ ከቅጽሩ በር አስጠራኋቸው። ዛሬውኑ እንውረድ ብዬ ለመንኳቸው። ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

«ለወረቀት ብዬ ሱባኤ አላቋርጥም። ደብዳቤው እግር የለው፣ የት ይሄዳል?» አሉኝ።

ተናድጄ ተመለስኩ። ጾሙ ተፈትቶ የወረዱትና ደብዳቤውን የወሰዱት ነሐሴ 17 ነው። አምስት ቀን አቃጠሉብኝ ብዬ አኮረፍኩ።

እኔ የቆጠርኩት ደብዳቤው ከወጣበት ቀን ነበር። ከነሐሴ 12 እስከ መስከረም 12 አንድ ወር፣ አንድ ወር ደግሞ ሠላሳ ቀን። ጊዜ አለኝ ብዬ አቤቱታውን ስድስት ጊዜ አፍርሼ ጻፍኩት። መስከረም 12 ጠዋት አጎቴን ይዤ ሄድኩ። ችሎቱ እረፍት ላይ ቢሆንም መዝገብ ቤቱ ክፍት ነበር።

መዝገብ ተቀባይዋ አነበበችው፤ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«ጳጉሜንስ የት አደረስካት?»

እኔም በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ።

«አምስት ቀን አልፎታል ወንድሜ» አለችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

ዞሬ አጎቴን ማየት አልቻልኩም። ዓይኔ ላይ የመጣው ያ ሚኒባስ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ሲወርድ ነው። ሰረዝ ሳስተካክል አንድ ሙሉ ወር ዘልያለሁ። አጎቴ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

ወረቀቱን ላነሳ ስል ሴትዮዋ መልሳ ሳበችው። ዓባሪ ያደረግኩት የደብዳቤው ቅጂ ላይ ቆመች።

«ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው፣ እመቤቴ» አሉ አጎቴ።

ከግርጌው በዚያ በዝግታ በሚጽፉት የቄስ ትምህርት ቤት ፊደላቸው «ደርሶኛል፣ ነሐሴ 17» ይላል። ቀኑ የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሳቸው በኋላ እንደሆነ ነገረችን። አሁን ድምፅ አውጥታ ቆጠረች። ከነሐሴ አሥራ ሦስት፣ ጳጉሜ አምስት፣ ከመስከረም አሥራ ሁለት።

«ሠላሳ። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው» ብላ ማኅተሙን መታችበት።

ውጭ እንደወጣን ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አጎቴ ከአጠገቤ ቆመው እየሳቁ፣ «አየህ ጠበቃዬ፣ እግር የለውም አላልኩህም?» አሉኝ።

ፍርድ ቤቱ ነባሮቹ ባለንብረቶች ሳይደመጡ የተሰጠውን ፈቃድ ሽሮ ጉዳዩን ለጽሕፈት ቤቱ መለሰው። አጎቴ ዛሬም ዳባትና ደባርቅ መካከል ይመላለሳሉ። ያ ዓመት ጳጉሜ ስድስት የምትሆንበት ቢሆን ኖሮ እያልኩ አንዳንዴ ብቻዬን እደነግጣለሁ፤ ከዚያ ሚኒባሳቸው በደጄ ሲያልፍ አይና ይለቀኛል።

ዘንድሮም ፍልሰታ ሲገባ ስልካቸውን ዘግተው ወደ ደብሩ ወጡ። ዳገቱን ወጥቼ አላስጠራኋቸውም።