ባዶ ቦታ ብዬ የጻፍኩት የሰቃ ቡና

ጅማ ውስጥ መሠረት ሲቆፈርና መንገድ ሲሰፋ የሚወጣው አፈርና ድንጋይ መድረሻ አጥቶ ነበር። ሹፌሮች ባገኙት ቦይ ይደፉታል፤ ዝናብ ሲመጣ ጭቃው ሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን አፈሩና ድንጋዩ ተለይቶ የሚቆይበት፣ ሙሌት የሚፈልግ ደግሞ መጥቶ የሚጭንበት ጣቢያ ከከተማው ውጭ እንዲኖር ወሰነ። ቦታውን እንድመርጥ የተላክሁት እኔ ነኝ። ከሰሜን ለትምህርት መጥቼ እዚሁ የቀረሁ ቀያሽ ነኝ፤ ሥራዬን አውቃለሁ ባይም ነበርኩ። አሁን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

በአጋሮ መንገድ ያየሁት ቦታ ወንዝ ጥግ ሆነ። በሸቤ በኩል ያለው ዳገት ነው፣ የተጫነ መኪና አይወጣውም። የሰቃው ግን ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ያለ፣ ደልዳላና ቤት የሌለበት ነበር። እዚህም እዚያም ጉልበት የማይደርስ ጉቶ ይታያል፣ መሃሉን አረም ወርሶታል። አንዱ ለከሰል ጨፍጭፎ የተወው ነው ብዬ ደመደምኩ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሰዓቱም የጁምዓ ሶላት ነበርና በአካባቢው አንድ ሰው አላገኘሁም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሰው ከሌለ ክርክርም የለም። ቅጹ ላይ «ባዶ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ሰቃ ገብቼ ምሳዬን በላሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለመሬቱ ቢሮ መጡ። ሽማግሌ ናቸው። ቁጭ ይበሉ ብላቸውም እምቢ አሉ፤ በእጃቸው አንድ ለምለም ቀንበጥ ይዘዋል።

«እንጅነር፣ ማሎ፣ እባክህ፣ ባዶ አይደለም» አሉኝ። «ቡናው አርጅቶብኝ ነው የጎነደልኩት። ቁረጠውና ሦስት ዓመት ታገስ፣ እንደ አዲስ ያፈራል ያለኝ የግብርና ባለሙያ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ አንዱን ዓመት ጨርሻለሁ።»

ጉንደላ የሚባል ነገር መኖሩን ያን ቀን ሰማሁ። ያረጀውን ቡና ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፣ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ይወጣል፣ ገበሬው እስኪያፈራ ይጠብቃል። ይህን በዚህ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ቡናቸውን ስጠጣ ብኖርም ይህን አላውቅም ነበር።

አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ተሳስቻለሁ አልኩ።

«ጸድቋል እኮ፤ መኪኖቹ ሰኞ ይጀምራሉ» አለኝ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ጊዜያዊ ማቆያ ነው፣ አፈሩ ሲነሳ መሬትዎ ይመለሳል በላቸው።»

መከራከር ነበረብኝ። ለእንጀራዬ ፈራሁና ወጥቼ ለሽማግሌው እንዳለው ነገርኳቸው። እሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ።

ሰኞ ጠዋት ከመኪኖቹ ቀድሜ ደረስኩ። አረሙን ገለጥ ገለጥ ባደርገው ቀንበጥ ያላወጣ ጉቶ አጣሁ። ያን ዓርብ ጎንበስ ብል ኖሮ ይታየኝ ነበር። የመጀመሪያው መኪና ሲገለብጥ ዞር አልኩ፤ ለማየት እንኳ ወኔ አልነበረኝም።

ክምሩ አሁን ከሰው ቁመት በላይ ነው። ሙሌት እንፈልጋለን ያሉት ሥራዎች ቆሙ፤ አፈር ይመጣል እንጂ የሚጭን የለም። በየወሩ ልለካው እሄዳለሁ። ሽማግሌው መኪናዬን ሲያዩ ከመንገዱ ማዶ ይመጣሉ። ባይመጡ እያልኩ ነው የምነዳው።

ሰኔ መግቢያ ላይ እንደተለመደው መጡ።

«ልጄ ሸቤ መሬት አለው፤ ና አዲስ ችግኝ እንትከል ይለኛል» አሉኝ። «አፈር ተጭኖት የተረፈ ጉቶ እኔ በዕድሜዬ አላየሁም። እናንተ ግን የተማራችሁ ናችሁ፤ ጊዜያዊ ነው ካላችሁ የምታውቁት ነገር ይኖራል። ልሂድ ወይስ ልጠብቅ?»

ጉቶው ከሥር በስብሶ ማለቁን አውቃለሁ። ይሂዱ ማለት ግን ቡናዎን ገድዬዋለሁ ማለት ሆነብኝ፣ አፌ እምቢ አለኝ።

«ይጠብቁ አባባ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ ይነሳል።»

«ኤዬ፣ ኢንሻአላህ» አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ክረምቱ ወጣ፣ የችግኝ ተከላው ጊዜ አለፈ። እሳቸው ሸቤ አልሄዱም።