ጠላ እንዳትረሳ

ዘንድሮ ዝናቡ ከመስቀል ጋር ተሰናብቶ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። ጥቅምት ተጋምሶም ቢቸና ላይ ከሰዓት በኋላ እየጠበቀ ይወርዳል። የመንደራችን ጭቃ አልደረቀም። የልጆቼ ዩኒፎርም ከሰኞ እስከ አርብ እርጥብ ነው። የትልቋ ልጄ ኩርፊያም እንደ ዝናቡ የሚያባራ አልመስል ብሎኝ ነበር።

ለኩርፊያው ጥፋተኛው እኔ ነኝ። የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ቢቸና ብዙ ዓመት አስተማርኩና ሞጣ ላይ የምክትል ርዕሰ መምህርነት ቦታ ሲገኝ ተወዳድሬ አለፍኩ። ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር። ለልጆቹ የነገርኳቸው ግን ፍራሼን ጠቅልዬ በር ላይ ካቆምኩት በኋላ ነው። ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ፍራሹን አየች፣ እኔን አየች፣ "ተወው" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቃል በቀጥታ ተናግራኝ አታውቅም።

በቀጥታ ያልኩት አስተርጓሚ ስላለን ነው። አስተርጓሚዋ አሥራ ሦስት ዓመት የሆናት ትንሿ ልጄ ናት። በየሁለት ሳምንቱ አርብ ወደ ቤት ስመጣ አንድ መሶብ ከበን እንቀመጣለን። ትልቋ አጠገቤ ናት፤ ጉልበታችን ይነካካል። እሷ ግን ወደ እህቷ ዞራ፣ "ሚጥሚጣውን ያቀብለኝ በይው" ትላለች።

ትንሿ ጉሮሮዋን ትጠርግና፣ "ሚጥሚጣውን አቀብላት። ደግሞ ሸሚዝህ አያምርም ብላለች" ትለኛለች።

"እንደዚያ አላልኩም!"

"በልቧ ብላዋለች።"

ባለቤቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ፤ ግን ይቆረቁረኛል። ሞጣ ብቻዬን ስሆን የማስበው አንድ ነገር ነበር። ይቺ ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። እንደተኮራረፍን ከሄደችብኝ ከየት አገኛታለሁ?

አንድ ሐሙስ፣ በትምህርት ቤቱ የመምህራን ማረፊያ ቁጭ ብዬ የተማሪ ደብተር ሳርም ስልኬ ነዘረ። ከትልቋ ነው። መነጽሬን ጠረግሁና እንደገና አየሁት። ከትልቋ ነው! በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ሁለት ቃል። የመጀመሪያው ቲ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ። ሁለተኛው "እንዳትረሳ"።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። አማርኛ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደሜ ይፈላል። ስንት ፊደል ያላት አገር ልጆች ሆናችሁ፣ ምን ቸገራችሁ እያልኩ ቤት ውስጥ ስንት ጊዜ ጮኼባቸዋለሁ። የዚያን ቀን ግን በቻይንኛም ብትጽፍልኝ ስልኩን ስሜ ነበር የማስቀምጠው።

"ጠላ እንዳትረሳ" ብዬ አነበብኩት። መጀመሪያ ግሱ መስሎኝ ክው አልኩ፤ ማነው ማንን የጠላው? ደግነቱ "እንዳትረሳ" የሚል አለበት። እንግዲያውስ የሚጠጣው ጠላ ነው ማለት ነው።

የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጠላ ምን ያደርግላታል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ወዲያውኑ ምክንያት አበጀሁላት። የባለቤቴ የማኅበር ተራ ደርሷል፤ በዚህ ብርድ የጠመቀችው ጠላ አልፈላ ብሏታል፤ ለእኔ ለማዘዝ ስትግደረደር ትልቋ ልጄ "ተይው፣ እኔ እነግረዋለሁ" ብላታለች። ይቺን "እኔ እነግረዋለሁ" ራሴው ፈጥሬ ራሴው ፈነደቅሁባት።

መደወል ይቻል ነበር። ብደውልና "ምን ጠላ?" ብላት ግን "ተወው" ትለኛለች፤ እሷ ተወው ካለች አለቀ። ደግሞስ የአማርኛ መምህር ሁለት ቃል ማንበብ አቃተኝ ብሎ ለልጁ ይደውላል? "እሺ" ብዬ ጻፍኩ። በራሳችን ፊደል።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ጠላ ጠማቂ ናቸው። ከመጣሁ ጀምሮ ቅመስ ባሉኝ ቁጥር በጨጓራዬ እያመካኘሁ አስቀይሜያቸው ነበር። አርብ ጠዋት የዘይት ጀሪካን አጥቤ ስቀርብ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ጨጓራህስ?"

"ተሻለኝ፣ እትዬ። ወደ ቤት የምወስደው ነው።"

"ጉሹን ነው የጠራውን?"

"ከልጄ ጋር የሚያስታርቀኝን ይስጡኝ" አልኳቸው። ሳቁና እስከ አፉ ሞሉልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሞጣ ጠራራ ፀሐይ ነበር። በአንድ እጄ ቦርሳ፣ በአንድ እጄ ጀሪካን ይዤ ወደ መናኸሪያ ስጣደፍ፣ እትዬ ከበራቸው ብቅ ብለው ይጣሩ ጀመር። መንገዱ ላይ ባጃጁ ይንጫጫል። "ጥላህን! ኧረ ጥላህን፣ ልጄ!" ይላሉ። እኔ ደግሞ ጀሪካኑን ከፍ አድርጌ እያሳየሁ፣ "ይዤዋለሁ፣ እትዬ! ይዤዋለሁ!" እላለሁ። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ አለፍኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ጀሪካኑን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። አጠገቤ አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ ነበሩ። ጉንደ ወይን እስክንደርስ ሰላም ነበርን። ከዚያ በኋላ መንገዱ ይነቀንቀን ጀመር፤ ጠላውም ሲናጥ ክዳኑ ሥር ፍስስ ማለት አመጣ። ላላ አድርጌ ላስተነፍሰው ብዬ ክዳኑን ብነካው ብው ብሎ አረፋው ሱሪዬን፣ የቄሱን ነጠላ ጫፍና የፊተኛውን ወንበር ጀርባ አለበሰው።

"ለዝክር ነው?" አሉኝ አባ፣ ነጠላቸውን እያራገፉ።

"አይ፣ አባ። ልጄ አዝዛኝ ነው።"

"ሴት ልጅህ? አግብታለች?"

"ኧረ ገና ናት! አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።"

ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ረዳቱ እንኳ ወደ እኔ ዞረ። አባ ትንሽ አሰቡና መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። "የክርስትና ስሟን ንገረኝ፣ በጸሎት አስባታለሁ" አሉኝ። ተናደድኩም፣ አፈርኩም፤ ግን ነገርኳቸው። ጸሎት ምን ይከፋል?

ቢቸና ስንገባ ዝናቡ ዶፍ ሆኖ ጠበቀን። ለወትሮው መናኸሪያ መጥቶ የሚቀበለኝ የለም፤ ቦርሳዬን ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ እሮጣለሁ። የዚያን ቀን ወርጄ ቀና ስል ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ሁለቱም ልጆቼ ቆመዋል። ትልቋ አንድ ሽቦዋ የተጣመመ የቤታችንን ጥላ ይዛለች። እኔን ለመቀበል ስትመጣ ከሞጣ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ዝናቡን ረሳሁት። በጭቃው እየተንቦጫረቅሁ ጀሪካኑን በሁለት እጄ አንስቼ፣ "አልረሳሁም!" ብዬ ጮህኩ።

ትልቋ ጀሪካኑን አየች። ከፀጉሬ የሚወርደውን ውኃ አየች። ወደ እህቷ ዞረችና፣ "ምንድነው የያዘው በይው" አለች።

"ጠላ ነዋ! እንዳትረሳ አላልሽኝም?"

አስቀድሞ የገባት አስተርጓሚዋ ናት። "ጠላ…" አለች ትንሿ። "ጥላ… ጠላ…" ከዚያ ሆዷን ይዛ ቁጢጥ አለች፤ ድምፅ እንኳ የላትም። ትልቋ ከንፈሯን ነከሰች። ስንት ሳምንት የቋጠረችው ፊት እንዳይፈታባት ስትታገል ይታየኛል፤ አገጯ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ አመለጣት። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ልጅ ሆና ነው። የሱቁ በር ላይ ተደግፋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ "ጥላ! ጥላ እኮ ነው ያልኩህ!" አለችኝ።

ያልኩህ አለች። በይው አይደለም፣ ያልኩህ። አስተርጓሚዋም ሰምታ ሳቋን ገታችና ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ግን ሞኝ ነኝ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ ክርክር ገባሁ። "ጥላ በአይ ነው እንጂ በኢ ይጻፋል እንዴ?"

"እኛ በኢ ነው የምንጽፈው!"

"እሺ፣ ቤት ጥላ እያለ ሌላ ጥላ ምን ያደርግልሻል?"

ሳቋ ቀስ እያለ በረደ። እንባዋን በዩኒፎርሟ እጅጌ ጠረገች። "ለእኔ አይደለም" አለች። "ለአንተ ነው። ሞጣ ፀሐይ ሲሆን ጥላህን እዚያ ትተህ ትመጣለህ፤ እዚህ ደግሞ ይዘንባል። ባለፈው በስብሰህ መጥተህ ሌሊቱን ሙሉ ስታስል ሰምቼሃለሁ።"

ተማሪዎቼን አንድ ቃል ስንት ፍቺ እንዳለው ፈልጉ እያልኩ የማስጨንቅ ሰው ነኝ። እዚያ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ሳገላብጥ፣ ልጄ ልታስብልኝ ትችላለች የሚለው አንዱ ብቻ አልመጣልኝም ነበር። ደስታው እንደ ልጅ አደረገኝ፤ ዝለል ዝለል አለኝ፣ ዘለልኩም። ክዳኑ ላልቶ ኖሮ የቀረው ጠላ ሦስታችንም ላይ ተረጨ።

አንዲት ጥላ ለሦስት ሰው አትበቃም። እየተገፋፋን፣ እየተንሸራተትን፣ አንዳችን ዝም ስንል ሌላው "ጠላ" እያለ ሳቁን እንደገና እያስነሳብን ቤት ደረስን። ባለቤቴ በሩን ስትከፍት ሦስታችንም በጭቃ ተለውሰን፣ ተደጋግፈን መቆም አቅቶን እንስቃለን። አፍንጫዋን ወደ ፊት አድርጋ አሸተተችን።

"ጠጥታችሁ ነው?" አለች። "ከልጆቹ ጋር? ምን ነካህ፣ አንተ ሰውዬ!"

ይኼን ጊዜ ትንሿ ወለሉ ላይ ተዘረረች። ላስረዳት ብሞክርም "ጥላ ስትለኝ ጠላ…" ከሚለው ማለፍ አቃተኝ። ነገሩን ከስር ከመሠረቱ የተናገረችው ትልቋ ናት፤ የአባን ጸሎት ስጨምርበት ባለቤቴም ከትንሿ አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የማኅበሩ ተራዋ ለካ በኅዳር ነው። ከጀሪካኑ የተረፈችውን አንድ ብርጭቆ ጠላ እኔና እሷ ተካፈልናት።

እሑድ መናኸሪያ ድረስ የሸኘችኝ ትልቋ ብቻ ናት። መንገድ ላይ እንደ ድንጋይ የከበደኝን ነገር ተነፈስኩት። "ስለ ሞጣው ሳልጠይቃችሁ መወሰን አልነበረብኝም" አልኳት። "አጥፍቻለሁ።"

"ብትጠይቀኝ ኖሮ እሺ ነበር የምልህ" አለች። "ግን አልጠየቅከኝም።" ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል ያቺን ሽቦዋ የተጣመመች ጥላ በመስኮት አቀበለችኝ።

"እናንተስ? የቤቱ ጥላ እኮ ይቺ ብቻ ናት።"

"እኛ እንበሰብሳለን። አርብ ትመልሳታለህ።"

"የሚቀጥለው አርብ ተራዬ አይደለም እኮ፤ በየሁለት ሳምንቱ ነው የምመጣው።"

"እንግዲህ እንበሰብሳለን" አለችና ትከሻዋን ነቀነቀች።

ጉንደ ወይን ስንደርስ ስልኬ ነዘረ። በእንግሊዝኛ ፊደል አይደለም፤ በራሳችን ፊደል፣ አራት ነጥቡ ሳይቀር ተጽፏል። "አባዬ፣ አርብ ጥላውን ይዘህ ና። ጠላውን ተወው።"

ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ መሰለኝ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ዞረው ምን እንዳሳቀኝ ጠየቁኝ። ልጄ ጻፈችልኝ አልኳቸው።