ነሐሱን ማን አፈሰሰው?

ከአዲስ አበባ የተነሣሁት ማክሰኞ ማለዳ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የሰም ሐውልት ይዣለሁ፤ ጭንቅላትም ፊትም የለውም፤ አከርካሪና ሁለት ትከሻ ብቻ ነው። ውጭ አገር የተማርሁት የሰውን አጥንትና ጅማት አጥንቼ፣ መልኩን ትቼ፣ ክብደቱን ብቻ በነሐስ ማስቀረት ነው። ይህን አከርካሪ ግን ሰሙን እንደ አዲስ እየሠራሁ ሁለት ጊዜ ባፈስሰው ሁለቴም መሐሉ ላይ ተሰነጠቀብኝ። ነቀምት አንድ ጎበዝ ነሐስ አፍሳሽ አለ ሲሉኝ ጊዜ አላጠፋሁም።

መንገድ ላይ

ባኮ ላይ ሙቀቱ ስለጠናብኝ በስሙኒ አንድ እቅፍ ሸንኮራ ገዛሁ። አኖ ስንደርስ አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረና ወርደን ገፋን። እኔ በአንድ እጄ እየገፋሁ በሌላው ሻንጣዬን እንዳቀፍሁ ሾፌሩ አየኝ።

«እንቁላል ነው እንዴ የያዝኸው?» አለኝ፤ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ነቀምት የገባነው ረቡዕ ማታ ነው።

ከኦቦ ገመዳ ዘንድ

ነሐስ አፍሳሹን ኦቦ ገመዳን ያገኘኋቸው ሐሙስ ጧት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ጥግ፣ ወናፋቸው አጠገብ ነው። «አካም ጅርቱ?» ብዬ ሰላም ስላቸው በኦሮምኛዬ ስቀው በአማርኛ መለሱልኝ። ከሥራው በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«እኔ ቱምቱ ነኝ፤ ቀጥቃጭ። ሰው እቤቴ አይበላም። አንተ ትበላለህ?»

«እኔስ የማቀልጠው ነሐስ አይደል? እበላለሁ እንጂ!» አልሁ። ሦስት ቀን ሙሉ የወለጋን ሥራሥር፣ አንጮቴን፣ በበርበሬ ከአንድ ገበታ በላን።

አዲስ አበባ ሰሙን ያሳየኋቸው ሁሉ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ነበር የሚሉኝ። እሳቸው ቀኝ ትከሻውን በጣታቸው ነክተው፣ «ይህ ሰው ዕድሜውን ሲሸከም የኖረ ነው፤ ይኼኛው ወርዷል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የሠራሁት መርካቶ ያየሁትን የአንድ ኩሊ ጀርባ ነበር። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

የእኔ ነሐስ የተሰነጠቀው አየሩ መውጫ አጥቶ እንደሆነ ነገሩኝ። ሰሙን በጭቃ ሲለብጡ በአከርካሪው ርዝመት ቀጫጭን ቀዳዳ ተዉለት፤ ከዚያ ጭቃውን በእሳት አሙቀው ሰሙን አስወጡና፣ ያረጀ የጥይት ቀለሃ አቅልጠው በቦታው አፈሰሱ። ቅዳሜ ጭቃው ሲሰበር አንዲት ስንጥቅ አልነበረበትም። ተቃቀፍን።

እሑድ

የአጎቴ ወዳጅ የሆኑ አንድ የነቀምት ፊታውራሪ መምጣቴን ሰምተው፣ ሐውልቱን ይዤ ለምሳ እንድመጣ ልከውብኝ ነበር። ኦቦ ገመዳ «አንተ ትጥለዋለህ» ብለው ራሳቸው ተሸክመው መጡ። በረንዳው ላይ አስቀምጠው ከደረጃው ሥር ቆሙ። እንግዶቹ እየዞሩ አደነቁ።

«ማን ነው ያፈሰሰው?» አሉ ፊታውራሪ።

«እኔው ነኝ።»

«ይኸ ሰውዬስ?»

ቱምቱ ናቸው ብል እኔንም በዚያው ዓይን እንደሚያዩኝ ታወቀኝ።

«ተሸካሚዬ ነው» አልሁ።

ኦቦ ገመዳ ሰምተዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «ናጋቲ» ብለው ተሰናብተው ወጡ። እኔም ገብቼ ማዕድ ቀረብሁ። እንዳያባርሯቸው ብዬ ነው እያልሁ ራሴን ላታልል ሞከርሁ፤ ግን እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ማለዳ ሄድሁ። «ኦቦ ገመዳ፣ ትናንት የተናገርሁት…» ስል አቋረጡኝ።

«ወደዱት?»

«በጣም ወደዱት።»

«ጋሪዳ፣ መልካም ነው። ቁርስ በልተሃል?»

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልሁም። አውቶቡስ ያመልጠኛል ብዬ ሸሸሁ።

አዲስ አበባ

ማክሰኞ ማታ ቤቴ ገባሁ። ስለ ሰው አካል ያልተማርሁት የለም ስል ኖሬያለሁ፤ ነቀምት ግን ፈሪ መሆኔን አስተማረችኝ። ለባለቤቴ የኦቦ ገመዳን ሙያና አንጮቴውን ነገርኋት፤ የፊታውራሪን ግብዣም አነሣሁ። ተሸካሚዬ ነው ማለቴን ዘለልሁት። ነሐሱን በመዳፏ እየዳሰሰች ስታዳምጠኝ ቆየችና፣

«ሰውየው ሦስት ቀን አብልተውሃል» አለች። «እሑድ ዕለትስ እሳቸው ምሳ የት በሉ?»